የግራው ማስመጫ

ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጀልባ ማቆሚያው የቲኬት ክፍል ወጥቼ በእንጨቱ መተላለፊያ ላይ እግሬን ሳፍታታ አንዲት ጀልባ መጥታ ተጠጋች። መጀመሪያ የወረደው ዓሣ ሊያጠምድ በጠዋት የወጣ ደንዳና ሰውዬ ነው። ፊቱ በርበሬ መስሏል። ከኋላው የሚስቱ ወንድም ሆዱን ይዞ እየሳቀ ወረደ።

«ንገራቸው እንጂ!» ይላል። «ዓሣ ልይዝ ሄጄ ለዓሣ ቀለብ ሰፍሬ መጣሁ በላቸው! እርሳስ ከነሽቦው!»

ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገም። በጀልባዋ ቀኝ በኩል ያለው ማስመጫ፣ መንጠቆ ወደ ጥልቁ የሚያወርደው መሣሪያ፣ መዘውሩ ባዶውን ቀርቷል። ሰውዬው ፍሬኑን ጨርሶ ለቆት የእርሳስ ኳሷ ሽቦውን ሁሉ ይዛ ሐይቁ ወለል ላይ ተኝታለች። እኛ ዘንድ ኳስ የጣለ ሰው ስም ይወጣለታል፤ ስሙም እስከ ልጆቹ ይከተለዋል። በመተላለፊያው ላይ የነበሩት ባለ ጀልባዎች ስሙን ሊያወጡለት አፋቸውን እያዘጋጁ ነበር።

ይሄኔ የጀልባዋ ባለቤት፣ ገመድ ለማሰር ጎንበስ እንዳለ፣ «የሳቸው ጥፋት አይደለም» አለ። «የሽቦውን ጫፍ መዘውሩ ላይ የምትይዘዋ ቡሎን ላልታ ነበር። ጠዋት ማየት ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ።»

ሳቁ እዚያው ቀረ። ደንዳናው ሰውዬ የጃኬቱን ቁልፍ እየፈታ፣ «አይ፣ ያጋጥማል፣ ያጋጥማል» እያለ ወደ መኪናው ሄደ። ሲሄድ ቀና ብሎ ነበር።

እኔ ግን ጠዋት ከመስኮቴ ሆኜ ያችን ቡሎን በካቻቢቴ ሲያጠብቃት፣ ከዚያም ሽቦውን በሁለት እጁ ስቦ ሲሞክር አይቼዋለሁ። አልላላችም። ባለ ጀልባው ቀና ሲል እንደማየው አየ። ጆሮውን አከከና ወደ ገመዱ ተመለሰ።

በዚያ መስኮት ተቀምጬ ብዙ ሰው አሳልፌአለሁ፤ ጥፋት ወደ ሌላ ሰው ሲገፋም ብዙ አይቻለሁ። ወደ ራሱ የሚስብ ሰው ሳይ ግን ለምን ይሆን ብዬ መጠየቅ አማረኝ። እግዚአብሔር የሰጠኝ መልስ ቀስ ብሎ ነው የመጣው።

በጀልባ ማቆሚያው ይህን ባለ ጀልባ «ወረደ» ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ኳሷን ወደ ውሃ ሲለቅ በዝግታ፣ በአንድ ዜማ፣ «ወረደ… ወረደ… ወረደ… ያዘ» እያለ ነው የሚለቃት፤ ከዚያ ስሙ ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ሲያናድዳት፣ «አንተ ቤት ውስጥም ወረደ ነው፤ መቼ ነው ወጣ የምትለው?» ትለዋለች።

ማስመጫን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በሙቀት ወራት ዓሣ ላይ ላዩን አይገኝም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። በሚሄድ ጀልባ የሚጎተት መንጠቆ ደግሞ ወደ ላይ ይነሳል እንጂ አይሰምጥም። ስለዚህ በጀልባዋ ኋላ በቀኝና በግራ አንዳንድ ማስመጫ ይታሰራል። መዘውሩ ላይ ቀጭን የብረት ሽቦ ይጠቀለላል፤ ሽቦው ወደ ውጭ በተዘረጋ ክንድ ላይ አልፎ ጫፉ ላይ የእርሳስ ኳስ ይሸከማል። ኳሷ ትልቅ ብርቱካን ብታህል ነው፤ ሲያነሷት ግን ትከሻ ትጎትታለች። ከሷ ከፍ ብሎ መቆንጠጫ አለ። የማጥመጃው ክር በመቆንጠጫው ተይዞ ከኳሷ ጋር ይወርዳል። ዓሣ ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ፈልቅቆ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የዓሣውና የሰውዬው ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከወረደ ሚስት ጋር አንድ ጸሎት ቤት ስለምንሄድ ቤታቸው መግባት ጀመርኩ፤ ያኔ ነው ቀላል አለመሆኑን ያየሁት። ከጀልባው እንደተመለሰ ሁለቱን ማስመጫዎች ፈትቶ ወደ ቤት ይዟቸው ይመጣል። ከበሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸውና ሽቦውን ሁሉ ተርትሮ በአሮጌ የሴት ስቶኪንግ ውስጥ እያሳለፈ መልሶ ይጠቀልላል። ሽቦው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው፤ አንዷ ከተበጠሰች ስቶኪንጉን ትይዘዋለች። በባዶ እጅ ቢያደርገው እጁን ነው የምትይዘው።

«ሰው ለሚስቱ ስቶኪንግ ይገዛል» ትለኛለች ሚስቱ፣ እሱ እየሰማ። «ይሄ ከሚስቱ እግር ላይ አውልቆ ለሽቦ ያለብሳል።»

«ሽቦው ካንቺ ይልቅ ቀጭን ነው» ይላል እሱ፣ ቀና ሳይል። «ያምርበታል።»

«ስማው! ስማው እስቲ! እኔ ወፍራም ነኝ ማለቱ ነው?»

«እኔ ምን አልኩ? ስለ ሽቦ ነው የማወራው።»

ከዚያ ለኳሷ ቅርብ የሆነውን የሽቦ ጫፍ በፒንሳ ቆርጦ ይጥላል። ያ ጫፍ ነው ቀኑን ሙሉ የሚለፋው። ደህና መስሎ ቢታይም ይቆርጠዋል፤ አዲስ ጫፍ አውጥቶ እንደ ቀለበት አጥፎ በትንሽ የእርሳስ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ይጨፈልቀዋል። የመቆንጠጫውን ጎማዎች በጥፍሩ ይነካካል፤ ከደረቁ ክሩን ቆንጥጠው አይለቁም፣ ትንሽ ዓሣ ነክሶ ሳይታወቅ ሲጎተት ይውላል። መዘውሩ ለሚሽከረከርበት ኩሽኔትና ለእጀታው ግራሶ ይቀባል።

ፍሬኑ ጋ ሲደርስ እጁን በሳሙና ታጥቦ ይመጣል። መዘውሩን ጨብጦ የሚያቆመውን የፍሬኑን ሸራ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው የሚጠርገው። አንድ ቀን ልረዳው ብዬ ሸራውን በጣቴ ላነሳ ስል እጄን ያዘ።

«ተይው እህቴ። ጣት ቅባት አለው።»

አያያዙ ጠንከር ያለ ነበርና እሱም ደነገጠ። ሚስቱ ወዲያውኑ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም የማላውቀው ነገር እንዳለ ገባኝ።

ነገሩን የሰማሁት ሐይቁ ላይ ነው። እንግዳ ያልነበረበት ቀን ነበር፤ ወረደ ሩቅ ያለውን ዳርቻ ሊሞክር ፈለገ፤ ሚስቱ ውሃ ስለምትፈራ እኔ እንድሄድ ለመነችኝ። «ብቻውን አይሂድብኝ» አለች። «ሁለት ሰው የሚሠራውን ሥራ አንድ ሰው እየሠራ አንድ ቀን ሐይቁ ያስቀረዋል።»

እውነቷን ነው። መሪውን በገመድ አስሮ ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ ይለቅና ወደ ኋላ ሮጦ ኳስ ያወርዳል፤ ደግሞ ሮጦ የጥልቀት ማሳያውን ያያል፤ ደግሞ ወደ ኋላ። የጥልቀት ማሳያው ከመሪው አጠገብ ያለ ትንሽ መስታወት ነው፤ የሐይቁን ወለል በመስመር ይስላል። መስመሩ ከፍ ሲል ወለሉ ከፍ አለ ማለት ነው፤ ኳሷም ቶሎ መነሳት አለባት። እኔን መስታወቱ ፊት አስቀምጦ፣ «መስመሩ ወደ ላይ ሲሄድ ሽቅብ በይ። ሌላ ሥራ የለሽም» አለኝ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ጀልባዋ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ትሄዳለች። በኳሶቹ ክብደት የተወጠሩት የማጥመጃ ዘንጎች እንደ ሽማግሌ ጎብጠዋል። ሽቦዎቹ ውሃውን ሲሰነጥቁ የንብ ድምፅ የመሰለ ነገር ይሰማል። ድንገት የቀኙ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆመና ከዚያ ወደ ታች ተደፋ፤ ዓሣ ክሩን ከመቆንጠጫው ፈልቅቆታል። ወረደ ዘንጉን ያዘ። ዓሣው ብርማ ሆዱን ሲያሳይ አፌን ከፍቼ አምላኬን አመሰገንኩ። ከውሃ ስር፣ ዓይን ከማያይበት፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አፌን ከፍቼ ሳለ መስታወቱን ረሳሁት።

ጀልባዋ ወደ ኋላ ተያዘች። «ሽቅብ!» ብዬ ጮህኩ፤ ግን ዘግይቻለሁ። የግራዋ ኳስ ውሃ ውስጥ ከተጋደመ ግንድ ጋር ተያይዛለች። ወዲያው ግን የግራው መዘውር ዝርርር እያለ በራሱ መፍታት ጀመረ። ፍሬኑ ይዞ ይዞ ሲብስበት ለቀቀ። ወረደ ዓሣውን ባልዲ ውስጥ ጣለ፣ ሞተሩን ዝቅ አደረገ፣ ጀልባዋን አዙሮ በመጣንበት መንገድ ተመለሰ። ግንዱን አልፈን በወዲያ በኩል ስንሆን ሽቦው ላላ፣ ኳሷም ተላቀቀች። በመዘውሩ እየጠቀለለ አወጣት። ጎኗ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት ተለጥፎባታል።

«ይቅርታ» አልኩት።

«ምን አጠፋሽ? ፍሬን ለዚህ ነው» አለና ሞተሩን አጠፋ። ተቀመጠ። የግራውን ማስመጫ ክንድ እያየ ነበር። ያኔ ነው ክንዱ ትንሽ ወደ ውስጥ ዘመም ማለቱን ያየሁት። የቀኙ ቀጥ ያለ ነው።

«ይሄንን መስታወት የሚያየው ወንድሜ ነበር» አለኝ።

ጀልባዋ የሁለቱ ነበረች። ታላቅ ወንድሙ፣ እሱ ጋሼ የሚለው፣ መሪ ይዞ ወለሉን ያያል፤ ወረደ ከኋላ ኳሶቹን ያዛል። በቃል ብዙ አይነጋገሩም ነበር። ጋሼ ወንበሩን በጣቱ አንድ ጊዜ ሲመታ ሽቅብ፣ ሁለት ጊዜ ሲመታ ቁልቁል ነው። እንግዶቹ እነዚህ ሰዎች ተጣልተዋል እንዴ ይሉ ነበር፤ እነሱ ግን እንዲያ ነው የሚግባቡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እኔ ወደ ማቆሚያው ሳልመጣ፣ ከቀዝቃዛው ወራት በኋላ ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ጋሼ ወንድሙን ላግዘው ብሎ ሁለቱንም ማስመጫዎች ለብቻው ፈታ። እንዳይዝጉ ብሎ ያገኘውን ብረት ሁሉ ግራሶ ቀባ። የፍሬኑን ሸራም ቀባው። መሪ የያዘ ሰው ነውና ፍሬኑን ነክቶት አያውቅም፤ የሚጮህ ነገር ሁሉ ቅባት የጠማው ነው የሚመስለው።

በማግስቱ ሐይቁ ላይ የግራዋ ኳስ አልቆም አለች፤ ቀስ እያለች በራሷ ትወርዳለች። ወረደ ሸራው መቀባቱን አላወቀም። ፍሬኑን በእጁ አጠበቀ፤ አሁንም ትወርዳለች። እንግዶች ጀልባው ላይ አሉ፣ ዓሣው እየነከሰ ነው፣ ፈትቶ ለማየት ጊዜ አልነበረም። ፒንሳ አምጥቶ እስከ መጨረሻው አጠበቀው። ኳሷ ቆመች። ፍሬኑም ከዚያ ወዲያ የሚለቅ አልሆነም።

ኳሷ ወለሉ ላይ ስትያዝ የጀልባዋ ኋላ ወደ ውሃ ተጎተተ፣ ክንዱ ዘመመ። ጋሼ ሞተሩን ትቶ ሮጦ መጣ፤ ጀልባዋን ላድን ብሎ ሽቦውን በባዶ እጁ ያዘ። ማዕበል ጀልባዋን ከፍ ሲያደርጋት ሽቦው እጁን በላው።

«ፍሬኑን በፒንሳ ስፈታው ግራሶ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ» አለ ወረደ። «ያኔ ዞሬ፣ ማን ቀባ አለህ? አልኩት። እንግዶቹ ፊት። ጮኼ።»

ጠበቅሁት።

«እጁን ይዞ ቆሟል። ደሙ እዚህ ይንጠባጠባል።» በእግሩ ጫፍ የጀልባዋን ወለል አሳየኝ። «እኔ ግን ማን ቀባ አለህ አልኩት።»

ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲሄድ ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሁለተኛ ሲሄድ ተኝቷል አሉት። ሦስተኛ አልሄደም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዝምታው ራሱን ቻለ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የአንዳንድ ነገር ምክንያት ገባኝ። ለማያውቀው ሰው ጥፋቴ ነው ማለት የማይከብደው፣ ለሚያውቀው አንድ ሰው ሳይል ስለቀረ ይሆናል። ይሆናል ነው የምለው፤ የሰው ልብ የኔ መስታወት የሚስለው ወለል አይደለም።

የሚገርመው ታላቅየውንም አውቃቸዋለሁ። ወንድማማች መሆናቸውን ነው ያላወቅሁት። ቤታቸው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ነው። ዓይናቸው ስለሚደክም አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይሠራሉ። የሚሠሩት ማስመጫ ነው። ጀልባ ከተዉ ወዲህ የባለ ጀልባዎቹን ሁሉ ማስመጫ ይጠግናሉ። መስኮት ስር ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ብረት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ፤ ግድግዳው ላይ መዘውሮችና ክንዶች ተሰቅለዋል። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ካቻቢቴውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አጣብቀው ይይዛሉ። ፍሬን ሲፈቱ በመጀመሪያ ሸራውን አፍንጫቸው ጋ አድርገው ያሸቱታል። ቅባት ከሸተታቸው ያለ ርኅራኄ ይጥሉትና አዲስ ያስገባሉ።

«የቀባ ሰው ደግ ሰው ነው» ይሉኛል። «ግን ደግ ሰው ፍሬን አይንካ።»

የሁሉም ማስመጫ እሳቸው ዘንድ ይገባል፤ የወንድማቸው ብቻ አይገባም። ከሐይቁ በተመለስኩ በሳምንቱ አንዱን ገጽ ሳገላብጥ፣ ድንገት እንደመጣልኝ አስመስዬ፣ «ወንድምዎን አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

ካቻቢቴው ቆመ። «የትኛውን?»

«ስንት አለዎት?»

«አንድ» አሉና መሥራት ቀጠሉ። ቆይተው፣ «የሱን ማን ይሠራለታል?» አሉኝ።

«ራሱ ነው።»

«የግራው ክንድ ዘመም ይል ነበር። አቅንቶታል?»

«አላቀናውም።»

«ሰነፍ!» አሉ። ግን ድምፃቸው ሰነፍ የሚል ሰው ድምፅ አልነበረም።

ይቅር ለመባባል ምን ያግዳችኋል ብዬ ጀመርኩ። በሰው ጉዳይ የመግባት ልማድ የለኝም፤ ሆኖም ዝም ማለት ከበደኝ። ቀና ሳይሉ፣ «አንብቢ» አሉኝ። አነበብኩ። ከአንድ ገጽ በኋላ ራሳቸው አቋረጡኝ።

«እጄ ይድናል፣ ድኗልም፣ ተመስገን። ሽቦ ነው፣ ሽቦ ይቆርጣል። ግን እጄን ሳያይ ፍሬኑን አየ። እኔ ካሳደግሁት ልጅ ያንን አልጠበቅሁም።»

«ማሳደግ?»

«አባታችን ሲሞት ጉልበቴን ያህል ነበር። ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ መዘውር። ከዚያ ወረደ ማለት።»

መጽሐፉን ዘጋሁ። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኝተውኝ፣ ያላሰብኩትን ነገሩኝ፤ ልጃቸው የፊታችን ቅዳሜ መጥታ ልትወስዳቸው ነው። ብቻቸውን መኖራቸው ከነከናት። የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው።

«እዚያ ሐይቅ አለ?» አልኳቸው።

«ጠይቄያት ነበር። ቧንቧ አለ አለችኝ» አሉ።

ሁለታችንም ሳቅን። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋብኝ። እኚህ ሰው ከሄዱ አይመለሱም፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ለጉብኝት ብሎ ይህን ያህል መንገድ አይመጣም። ወንድማማቾቹ ያን የጀልባ ቀን የመጨረሻ ቀናቸው አድርገው ሊቀሩ ነው። ማታ ስለ ሁለቱም ጸለይኩ። በማግስቱ ለወረደ ሚስት፣ ለጋሼ እንደማነብም ጭምር፣ ነገርኳት፤ ለባሏ እንድትነግረው አውቄ ነው።

ነግራዋለች። ምን እንዳለ ስጠይቃት፣ «ምንም። አንዱን ስቶኪንግ ሦስት ጊዜ አጠበው» አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ጥቂት በሆነበት ሰዓት፣ ወረደ ወደ ቲኬት መስኮቴ መጣ። በክንዱ ስር በሸራ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። መደገፊያው ላይ ጧ አድርጎ አስቀመጠው። የቲኬት ደብተሬ ዘለለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተሳፋሪ ነው። ቲኬት ቁረጪለት።»

ሸራውን ገለጥኩት። የግራው ማስመጫ ነው፤ ከነዘማማው ክንዱ። ሽቦው እንደ አዲስ ያበራል። በሕይወቴ እንደዚህ የጸዳ ማስመጫ አላየሁም።

«ዛሬ ወደ ጋሼ ትሄጃለሽ አይደል?» አለኝ።

«እሄዳለሁ።»

«ይሄን ስጪልኝ።»

«ምን ሆኗል ልበላቸው? ደህና ነው የሚመስለው።»

«ከፍቶ ያየዋል። ሁልጊዜ የሚያገኘው ነገር አያጣም።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ክንዱን እንዲያቀናልኝ ነው። እኔ አልቻልኩም።»

«አልቻልክም ወይስ አልፈለግክም?»

ጆሮውን አከከ። «ባቀናው ምንም እንዳልሆነ ይመስላል። የሆነ ነገር ሆኗል።»

«ታዲያ ራስህ ለምን አትወስደውም? ቤታቸው እዚህ ነው። ሮጠህ ትደርሳለህ።»

ወደ ሐይቁ ዞረ። አንድ ባለ ጀልባ ገመድ እየወረወረ ከሌላው ጋር ይሰዳደባል፤ ስድቡ የወዳጅ ነው። ወረደ እነሱን እያየ፣ «በሩ ላይ ብቆም አፌ ምን እንደሚል አላውቅም» አለ። «ያን ቀንም የቀደመኝ አፌ ነው። እጄ ግን ይችላል። ይሄንን ሲፈታ የኔን እጅ ያየዋል። የፍሬኑ ሸራ ደረቅ መሆኑን ያሸታል። እሱ ያሸታል አይደል?»

«ያሸታሉ።»

«ያሽት።»

ዕቃውን መልሼ ጠቀለልኩት። ከባድ ነው፤ ኳሷ ባይኖርም ከባድ ነው። ከማን ነው ቢሉኝ እውነቱን እንደምናገር ነገርኩት። ተናገሪ፣ አለኝ፤ ግን አይጠይቅሽም፣ ያንን ክንድ ያውቀዋል። ከዚያ መሄድ ሲገባው አልሄደም። መስኮቴ ላይ ተደግፎ ቆመ። ከኋላው ሁለት ቲኬት ፈላጊዎች ቆሙ፤ እሱ ልብ አላላቸውም። አንደኛዋ ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቆይ እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲጨርስ እዚያው ዝም ብለሽ አትቀበዪው። ፍሬን ጠረጴዛ ላይ አይታወቅም በይው። ኳስ ተንጠልጥሎበት ውሃ ላይ ካልተሞከረ ሥራው አላለቀም፤ እሱ ራሱ ነው የሚለው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጅቱ ሳትደርስ፣ ጀልባዋን አዘጋጃለሁ። እንግዳ አልጫንም። ኋላው ላይ እኔ አለሁ፤ መሪው ግን ሰው የለውም በይልኝ። ትዪልኛለሽ?»